ብርድ ያወጣው ምልክት

ማይሊስ ልትፈታው የተነሳችው ችግር ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ነጭ ጨርቅ ላይ የሚደረግ ምልክት ሲሰፉ መታየት፣ ሲለብሱት መጥፋት አለበት። ሁለቱንም የሚያሟላ ነገር ግን እሷ በምትኖርባት የሰሜን ስዊድን ከተማ፣ ዮክሞክ ውስጥ አልተገኘም።

ጣጣው የመጣው ከመዘምራኑ ነው። በክረምቱ የብርሃን በዓል፣ በሉሲያ ቀን፣ ዲሴምበር አሥራ ሦስት፣ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻማ ይዘው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ይዘምራሉ። አሮጌዎቹ ቀሚሶች ቢጫ ስለሆኑ ዘጠኝ አዲስ እንድትሰፋላቸው ለመኗት። ማይሊስ ሠላሳ አራት ዓመት የጥርስ ሐኪም ረዳት ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ አንድ ሚሊሜትር ሲዛነፍ ያማታል።

ቀሚስ የሚቆረጠው በወረቀት ንድፍ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ምልክት በሙሉ ወደ ጨርቁ መሻገር አለበት፤ እጅጌና ትከሻ የሚገናኙበት ነጥብ፣ ደረት ላይ የሚታጠፈው፣ ታች የሚታጠፈው። አንዷ ከተረሳች ግራ እጅጌ በቀኝ ቦታ ይገባል። ማይሊስ በጠመኔ ሞከረች፤ ከጠረጴዛው እስከ ስፌት መኪናው ድረስ እንኳ ሳይቆይ ረገፈ። ካርቦን ወረቀት ዘርግታ ጥርስ ባላት ትንሽ ጎማ ሞከረች፤ ጎማዋ ንድፉ ላይ ስትሽከረከር ጨርቁ ላይ ነጠብጣብ መስመር ትተዋለች። መስመሩ እጅግ ያምራል፤ ሦስት ጊዜ ታጥቦም ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ሙቀት ሲነካው የሚጠፋ እስክሪብቶ ገዛች። ጻፈችበት፣ ካውያ አሳረፈችበት፣ ጠፋ። ደገመችው፣ ደግሞ ጠፋ። ደስታዋን መቻል ስላቃታት ፖስታ የሚያድለውን ሰውዬ ቤት አስገብታ፣ መሐረቡ ላይ ስሙን ጽፋ አጠፋችለት።

ምልክት በወጉ የሚደረገው በጨርቁ የውስጥ ፊት ነው። የሚጠፋ ከሆነ ግን የትኛውም ፊት ቢሆን ምን ቸገረኝ ብላ በውጪው መሥራት ጀመረች። ቀጥላም ከነጥብና ከመስመር አልፋ ማስታወሻ መጻፍ አመጣች። የመዘምራኑ መሪ የሲክስተን ቀሚስ ላይ፣ «በሆዱ ነው የሚዘምረው፤ አምስት ሴንቲ ይትረፍ» ብላ ጻፈች። ከመዘምራኑ አንዷ የሆነችው አብሮ አደጓ ዳግኒ ደግሞ የቀሚስ ቁጥሯን በስልክ ነግራታለች፤ ማይሊስ ግን ዓይን አላት። የዳግኒ ቀሚስ ደረት ላይ የራሷን ማስታወሻ አሰፈረች። ሁሉንም ተኮሰች። ዘጠኙም እንደ ወተት ነጡ።

የሉሲያ ዕለት ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት ነበር። ማይሊስ ከቀድሞ አለቃዋ፣ ጆሮው ከደከመው የጥርስ ሐኪም ከሄልገ ጎን ቆማ ሥራዋን ታደንቃለች። ሁለተኛው መዝሙር ላይ አንዱ እጅጌ ላይ ቀስት ታየ። ሦስተኛው ላይ ትከሻዎች ሁሉ ነጥብ አወጡ። አራተኛው ላይ ፊደል መጣ። ለካ ቀለሙ የሚጠፋ አይደለም፤ ሙቀት ይደብቀዋል፣ ብርድ ይመልሰዋል። ማይሊስ ባትደነግጥ ኖሮ ነገሩ እጅግ ደስ ባሰኛት ነበር።

ሄልገ መነጽሩን አስተካክሎ፣ ድምፁ ለራሱ ስለማይሰማው በአደባባይ አነበበ፤ «ዳግኒ አርባ ሁለት ነኝ ትላለች። አርባ ስምንት ይቆረጥ።»

ዳግኒ ጎንበስ ብላ ደረቷን አየች፤ ፊደሉን ዘቅዝቃ አነበበችው። መዝሙሩን ግን አላቋረጠችም። ሲያበቃ ሻማዋን እፍ ብላ፣ ማይሊስን እንዳላየች አልፋ ሄደች።

ዘጠኝ ቀን ስልክ አላነሳችም። ስድሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ጓደኛ በአንድ መስመር ጽሑፍ ልታመልጠኝ ነው ብላ ማይሊስ እንቅልፍ አጣች። ዳግኒ በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄዳ፣ ሁለት ጊዜ ሳታንኳኳ ተመለሰች። በአሥረኛው ቀን ዳግኒ ራሷ መጣች። ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣

«አርባ ስምንት ነኝ?» አለች።

«ከሥሩ ሹራብ ትደርቢያለሽ ብዬ ነው እኮ።»

«ስድስት ቁጥር የሚወፍር ሹራብ በጉም ራሱ አልለበሰም፣ እቴ። በይ ሜትርሽን አምጪ።»

ማይሊስ አመጣች። ደረቷን፣ ወገቧን፣ ዳሌዋን ለካች። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደግማ ለካች። ቁጥሩ ሃምሳ።



«ለካ ለዚህ ነው ብብቴን ያነቀኝ» አለች ዳግኒ። «ከፍ ያለውን ድምፅ ማውጣት ያቃተኝ በአንቺ ቀሚስ ነው። እኔስ ዋሸሁ፤ አንቺ ግን እንዴት በዓይንሽ ትለኪኛለሽ?»

ማይሊስ ይቅርታ ጠየቀች፤ ያፈረችው ግን ከጽሑፉ ይልቅ ባጎደለችው ሁለት ቁጥር ነበር። ዳግኒ አዲስ ቀሚስ እንዲሰፋላት፣ ቀለም የሚባል ነገርም እንዳይነካው አዝዛ፣ ካፖርቷን አውልቃ ተቀመጠች።

አሁን ማይሊስ በክር ትሠራለች። ሁለቱን የጨርቅ ንጣፎች ደርባ፣ ምልክቱ ባለበት መርፌውን ታሳልፍና ክሩን ላላ አድርጋ ትተወዋለች። ከዚያ ንጣፎቹን በጥቂቱ አለያይታ መሐሉን ትቆርጣለች፤ በሁለቱም ላይ በትክክል አንድ ቦታ ላይ ትንሽ የክር ጭራ ይቀራል። ተሰፍቶ ሲያልቅ በጣት መንቀል ነው፤ ብርድ አይመልሰውም። ቀይ ክር ለእጅጌ፣ አረንጓዴ ለደረት፣ ሰማያዊ ለታች እጥፋት አድርጋለች።

ማስታወሻ መያዝ ግን አልተዋትም፤ ፊደሉን በክር ጭራ ተካችው እንጂ። ሰሞኑን ዳግኒ አዲሱን ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ወገቡ አካባቢ አምስት ቢጫ ጭራ አየች፤ ቢጫው የምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ማይሊስ አፏ መርፌ እንደያዘ ሰው በእጇ ቆዪ አለቻት፤ የምትለውን እየፈለገች ነው።