ግማሽ የተላጨው ምስክር

ፀጉር አስተካካዩ ከባንኩ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ስንት ዘመን ሲሠራ ከሰው ጋር አተካራ ገጥሞ አያውቅም። ደንበኛ ሰው ሲያማ እንኳ «እስቲ አንገትህን ቀና አርግ» ብሎ ያልፈው ነበር።

ባንኩ ግን መስፋት ፈለገ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ በፈገግታ «ቦታውን ልቀቅልን» አለው። እምቢ ሲለው ነገሩን ማዘጋጃ ቤት ላለ ወዳጁ ሹክ አለ። ብዙም ሳይቆይ ደንብ አስከባሪዎች እሽግ ይዘው ከተፍ አሉ።

ወንበሩ ላይ የነበረው ጡረተኛ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ወሬ ከጀመረ ፍሬን ስለማይዝ ሰፈርተኛው «ጋሽ ፍሬን» ይለዋል። የራሱ ቀኝ ጎን ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል፣ ግራው ገና ነው።

«ውጡ! ቤቱ ይታሸጋል!»

«በምን ምክንያት?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ከላይ የመጣ ነው።»

«እሺ፣ እኚህን ሰውዬ ልጨርሳቸው።»

ማን ሰምቶት! ሁለቱንም እየገፈተሩ አስወጧቸው። ፀጉር አስተካካዩ «ጋሼ፣ ቤት ይምጡና ልጨርስልዎት» አለ።

«አይሆንም! የጀመርከኝ እዚህ ነው፣ የምትጨርሰኝም እዚሁ ነው» ብሎ ጋሽ ፍሬን በዚያው ጭንቅላቱ መንገድ ገባ።

አውቶቡስ ላይ ይሁን ገበያ፣ «ምን ሆነው ነው?» ያለውን ሁሉ አስቁሞ ነገሩን ከሥሩ ይተርክለታል። ቀኙ ሲያቆጠቁጥ ሚስቱ እያጉረመረመች ትላጭለታለች። ባንክ ውስጥ ጡረታውን ሊቀበል ተሰልፎ ሳለ ሥራ አስኪያጁ ጥበቃውን «ይህን ሰውዬ አስወጣው» ቢለው፣ ጥበቃው «በምን ጥፋታቸው ጌታዬ? ግማሽ ተላጭቶ መግባት ክልክል ነው የሚል አልተለጠፈም!» አለ። ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ።

ፀጉር አስተካካዩም በመኖሪያ ቤቱ በረንዳ ላይ እየሠራ በማዘጋጃ ቤቱ ላይ ክስ መሠረተ። ጋሽ ፍሬን ለምስክርነት ሲቆም ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው «አባት፣ ራስዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉት።

«ማስረጃ ነው፣ የተከበሩ ዳኛ።»

ዳኛዋ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው የማዘጋጃ ቤቱን ጠበቃ «ቤቱ ለምን ታሸገ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ከላይ የመጣ… ትእዛዝ ነው።»

«ከላይ ከማን?»

ጠበቃው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እሽጉ እንዲነሳ ተወሰነ፤ ጋሽ ፍሬንም ከችሎቱ በቀጥታ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተሰየመ።

ይቅርታ ያለ ሹም የለም። ሥራ አስኪያጁ ዛሬም በዚያው በር ይገባል፣ ይወጣል፤ ሰላምታ ግን ጀምሯል። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ሌላ ሰው ሆኗል። ጉሊቷ የፈረሰባት፣ መብራቱ ያለ ጥፋቱ የተቆረጠበት ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል፤ እሱም መቀሱን አስቀምጦ የትኛውን ቢሮ ማንኳኳት እንዳለበት ያስረዳዋል፣ ሲብስም አብሮት ይሄዳል።

የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ምሳውን ይዛ ስትመጣ ክፍሏ በባለጉዳይ ተጨናንቃ ታገኛታለች። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ፀጉር ቤት ነው ወይስ ጠበቃ ቤት?» ትለዋለች።

«ቁጭ በይና አንቺም ጉዳይሽን ተናገሪ» ይላታል። ምሳው በየቀኑ ይቀዘቅዛል፤ እሱ ግን ጣቱን እየላሰ ይበላዋል።