ማሱኦ፣ ደሙና የዶሮው ጅራት

ማሱኦ ኦካባያሺ አፉን በከፈተ ቁጥር የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ ደም። የጎረቤት ልጅ ፈተና ወደቀ? የእናቱ ወገን ደም ነው። ወተት አመላላሹ ሚስቱን ፈታ? አያቱም ፈትተው ነበር፤ ደም ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ነጭ አውራ ዶሮ ጅራቱ ከሰው ቁመት አልፎ መሬት ላይ ሲጠቀለል ደግሞ ደረቱን ነፍቶ፣ "የአባቴ የቶራኪቺ ደም! እኛ ኦካባያሺዎች ጅራት የሚያሳድግ እጅ በደማችን ነው ያለው" ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ማሱኦ ውስጥ የኦካባያሺ ደም ጠብታ እንኳ የለም። ጨርሶ! የተወለደው ታች ባሕሩ ዳር፣ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ሰባተኛ ልጅ ሆኖ ነው። ቶራኪቺ ኦካባያሺ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ለልጃቸው ለሺጌኖ ባል አመጡ፤ ባልየውም እንደ አገሩ ደንብ የራሱን ስም ጥሎ የሚስቱን ቤት ስም ይዞ ገባ። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሺጌኖም ታውቃለች። የረሳው ማሱኦ ብቻ ነው።

ለመርሳቱ ደግሞ ሰበብ አያጣም። ቶራኪቺን መስሏል፤ ምን መምሰል ብቻ! የቶራኪቺ ግራ ትከሻ ዘንበል ያለ ነበር፤ የሱም ዘንበል ብሏል። ቶራኪቺ ሲራመዱ ጎንበስ ብለው፣ እግራቸውን እየጎተቱ፣ በየአሥር እርምጃው ወደ ኋላ ገልመጥ ይሉ ነበር፤ እሱም እንደዚያው። ለበዓል ከሩቅ የመጣ ዘመድ "አባትህን ቁርጥ!" ያለው ዕለት ማሱኦ እስከ ማታ ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም። አርባ ዓመት ሙሉ በግራ ክንዱ ዶሮ ታቅፎ፣ ጅራቱን ማን ረገጠው እያለ ወደ ኋላ ሲገላመጥ የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊመስል ኖሯል?

በሃያ አራት ዓመቱ እዚያ ቤት ሲገባ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ቶራኪቺ ዶሮ አላስነኩትም። ጅራት ብቻ ነው ያስያዙት። እሳቸው ዶሮውን ታቅፈው ሊያናፍሱት ሲወጡ፣ እሱ ከኋላ ጅራቱን እንደ ሙሽራ ቬሎ አንስቶ ይከተላል። "ከፍ አርገው እንጂ! ዓሣ መሰለህ የያዝከው?" ይሉታል። የዚህ ዘር ላባ እንደ ሌላው ዶሮ በየዓመቱ አይረግፍም፤ ዝም ብሎ ያድጋል። ግን የሚያድገው ዶሮው ቁም ሳጥን በመሰለ ረጅምና ጠባብ ሳጥን ውስጥ፣ ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ተቀምጦ፣ ጅራቱ መሬት ሳይነካ ተንጠልጥሎ፣ ሩዙና ጎመኑ በሰዓቱ ሲቀርብለት ነው። ይህን ሁሉ ማሱኦ በስንት ስድብ ተማረ። ተምሮ ሲያበቃ፣ "ድሮም በደሜ ነበረ" አለ። እግዜር ያሳያችሁ!

ናትሱኤ የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ኮሄይ የሚባል ሰው ይዛ መጣች። የኦሳካ ሰው ነው፤ ሥራው የሕንፃ አሳንሰር መጠገን። ዝምተኛ፣ ትህትናው የማያልቅ፣ ጥፍሩ ሥር ግን ግራሶ የማይጠፋ። የቤቱን ስም ወስጄ እዚሁ እኖራለሁ፣ ዶሮውንም እማራለሁ አለ። ሺጌኖ ወደደችው። ማሱኦ ግን ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ዓሣው ተጠብሶ የሩዝ መጠጡ ሳኬ በሚቀዳበት እራት ላይ ዓይኑን አጥብቦ ያየው ጀመር።

"አሳንሰር!" አለ። "አሳንሰርና ጅራት ምን አገናኛቸው?"

"ሁለቱም ተንጠልጥለው ነው የሚውሉት፣ አባት፤" አለ ኮሄይ። "ካልተጠበቁ ደግሞ ይበጠሳሉ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፖስተኛው ካኔዮሺ ሳኬው በአፍንጫው ወጣ። ማሱኦ ደሙ ፈላ።

"ሰማችሁ? መጠበቅ ነው አለ! ደም ነው እንጂ ወንድሜ! የኛን ዶሮ ግቢ ውስጥ ከሴት ዶሮዎቹ ጋር ብለቀው እንኳ ጅራቱ እስከ አጥር በር ይደርሳል!"

ይህን እንዳለ፣ አጉል ነገር እንደተናገረ ራሱም ገባው። ካኔዮሺ ግን ጽዋውን አስቀምጦ፣ "ይልቀቀዋ!" አለ። በኛ አገር ወንድ ጽዋ ይዞ የተናገረውን ከሚያጥፍ ጥርሱን ቢያስነቅል ይመርጣል። እናም እዚያው ውል ታሰረ፤ ከአንድ እናት ከተፈለፈሉ ሁለት አውራ ጫጩቶች አንዱን ማሱኦ ግቢ ውስጥ ለቆ፣ ሌላውን ኮሄይ በሳጥን ያሳድጋሉ። የኮሄይ ዶሮ እስከ ሁለተኛው መኸር ጅራቱ ካልረገፈ ኮሄይ ናትሱኤን አግብቶ ይገባል። ከረገፈ ወደ ኦሳካው ይመለሳል።

ችግሩ፣ ሁለት አውራ ጫጩት አልነበረም። ያ ጅራተ ረጅሙ ሽማግሌ ዶሮ በዚያው ክረምት ሞቶ ነበር። ከመጨረሻዎቹ እንቁላሎች አምስት ተፈልፍለው አራቱ ሴት፣ አንዱ ብቻ ወንድ። ከቶራኪቺ ዶሮዎች ዘር በዓለም ላይ የቀረው አውራ ያ አንድ ጫጩት ነው። አስተዋይ ሰው ቢሆን "ጠጥቼ ነበር፣ ይቅር በሉኝ" ብሎ ጫጩቱን ሳጥኑ ውስጥ ያስገባ ነበር። ማሱኦ ግን ካኔዮሺ ቤት ሄደ፤ ከተራ የእንቁላል ዶሮዎቹ መሐል አንድ ነጭ አውራ ጫጩት ለምኖ አመጣና፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ በሁለት እጁ ለኮሄይ አቀረበለት።

"ወንድሙ ነው። አደራ።"

ኮሄይም ጎንበስ ብሎ ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያላየ የለም። ኮሄይ በከተማው ገበያ አዳራሽ የአሳንሰር ሥራ ያዘ፤ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ዶሮውን ያበላል፣ ያበጥራል። ቆጡን በገመድና በመዘውር ሠርቶት፣ ናትሱኤ እጀታውን ስታዞር ዶሮው እንደ ሹም ከነክብሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ለምግብ ሲሆን ይወርዳል። መንደሩ ለማየት ተሰለፈ። ዶሮውም ወደደው መሰለኝ፤ ቆጡ ሲዘገይ ይጮህባቸው ነበር።

የማሱኦ ዶሮ ደግሞ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ኮሄይ ጠዋት ሲመጣ ብቻ፣ ሁለቱን እንዳያስተያይ ማሱኦ ጓሮ ይደብቀዋል። ደሙ እውነትም ደም ነውና ጅራቱ አደገ፤ በአንድ ዓመት አንድ ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ማሱኦ እንዴት እንደተንጠባረረ! ግን ያደገ ጅራት መሬት ላይ ይጎተታል። በመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ በላው። ከዚያ የካኔዮሺ ብስክሌት ሄደበት። ከዚያ ሴት ዶሮዎቹ ላባ ላባውን እየነጩ የሚጫወቱበት ነገር አገኙ። ከዚያ ራሱ ማሱኦ በሩን ሲዘጋ ሦስቱን ላባ በር መሐል አስቀረ። ሰው ከሌለ ዶሮውን ተከትሎ ጎንበስ እንዳለ ግቢውን ሲዞር ይውላል፤ ጅራቱን በእጁ ይዞ! አንድ ቀን የሺጌኖን መቀነት አውጥቶ ሲጠቀልልበት ሺጌኖ ከኋላው ቆማ አገኘችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ደም መቀነት ይታጠቃል እንዴ?"

"ለጌጥ ነው!"

"ሳጥኑ ውስጥ አስገባው ማሱኦ። የመጨረሻው ነው።"

"ሰው ምን ይለኛል?"

ሰው ምን ይላል ሲል ሁለተኛው መኸር ደረሰ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የኮሄይ ዶሮ ጅራት ላባ በላባ ሳጥኑ ወለል ላይ ረገፈ። ምን ያድርግ ፍጡሩ፤ አባቱም አያቱም በየመኸሩ ሲያራግፉ የኖሩ ናቸው። ኮሄይ ላባዎቹን አንድ ባንድ ለቅሞ፣ በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ማሱኦ ፊት ተንበርክኮ አስቀመጠ።

"አልሆነልኝም፣ አባት። ቃሌ ቃል ነው። ዶሮውን ግን እባክዎ እንዳያርዱት።"

ማሱኦ ደስ ይለኛል ብሎ ነበር የጠበቀው። ደስታው ግን አልመጣም። በዚያ ላይ ናትሱኤ ሻንጣ ይዛ ከበር ቆማለች።

"አንቺ ደሞ ወዴት?"

"ባሌ የሚሄድበት።"

"ገና ባልሽ አይደለም!"

"እሱን ኦሳካ እንጨርሰዋለን፣ አባባ። ደህና ሁኑ።"

ሄዱ። የአምስት ሰዓቱን ባቡር ለመያዝ ዳገቱን ሲወርዱ ማሱኦ ከደጃፉ ቆሞ አየ። ዞር ሲል ግቢው ውስጥ ያ የመጨረሻው አውራ ቆሟል፤ ከዚያ ሁሉ ጅራት ሁለት ረጃጅም ላባ ብቻ ቀርቶት፣ የቀረው ስንዝር ስንዝር ተቆራርጦ። ልጅ የለም። ጅራት የለም። ያኔ ነው ሚስቱ ዘንድ ገብቶ ሁሉንም የዘረገፈው።

"ምን አልክ?" አለች ሺጌኖ። "የካኔዮሺ ዶሮ?"

"አዎ።"

ሺጌኖ አልጮኸችም። እሱም የፈራው ይህንኑ ነው።

"ስማኝ። አንዱ ዶሮ ሳጥን አግኝቶ ደም አጣ። ሌላው ደም አግኝቶ ሳጥን አጣ። አሁን ሁለት ጭራ ቆራጣ ዶሮና ባዶ ቤት አለህ። እንኳን ደስ ያለህ!"

"እኔኮ ለቤቱ ደም ብዬ..."

"የቱ ደም? ያንተ? ስትመጣ እኮ ኪስህ ውስጥ የዓሣ ቅርፊት ነበረ! እኔ ነኝ ያጠብኩት! አባቴ እንዳንተ ቢያስቡ ኖሮ ዛሬ ባሕር ዳር መረብ ትጠግን ነበር!"

አርባ ዓመት ማንም ፊት ለፊት ያልነገረውን ነው የነገረችው። ማሱኦ እስከ ጆሮው ቀላ። አፈረ፤ እንደ ሰው አፈረ። ከዚያ ወጥቶ ዶሮውን በግራ ክንዱ ታቀፈ።

"ያዢልኝ።"

"ምኑን?"

"ጅራቱን።"

"ሁለት ላባ እኮ ነው!"

"ሁለትም ቢሆን ጅራት ነው! ያዢ፣ ባቡሩ ሊያመልጠን ነው!"

እንዲህ አድርገው ዳገቱን ወረዱ፤ እሱ ከፊት ዶሮ ታቅፎ፣ እሷ ከኋላ ሁለት ላባ ወደ ላይ አንስታ፣ ሁለቱም ሊሮጡ እየፈለጉ ላባው እንዳይሰበር እየፈሩ። ካኔዮሺ ከብስክሌቱ ወርዶ አፉን ከፈተ።

"ኧረ ምን ተገኘ? የዶሮ ሠርግ አለ እንዴ?"

"ዝም በል! ያንተው ዶሮ ነው ጉድ የሠራን!" አለው ማሱኦ። ምስኪን ካኔዮሺ፣ ምን አውቆ።

ጣቢያው ሲደርሱ ባቡሩ ገብቶ ቆሟል። ኮሄይ አንድ እግሩን አሳፍሯል።

"ኮሄይ! ቆይ!" ማሱኦ ትንፋሹ ተቆራርጧል። "የሰጠሁህ ወንድሙ አይደለም። የፖስተኛው ዶሮ ነው። ዋሽቼሃለሁ።"

"አውቃለሁ፣ አባት።"

"ታውቃለህ?"

"ካለፈው ዓመት ጀምሮ። ጆሮው ላይ ያለው ቆዳ ቀይ ነው። የእርስዎ ዶሮዎች ግን የሁሉም ነጭ ነው።"

የአሳንሰር ሠራተኛ የዶሮ ጆሮ ያያል ብሎ ማሱኦ በሕልሙም አላሰበም።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ? እያወቅህ ለምንድን ነው ዓመት ሙሉ ስታበጥረው የኖርከው?"

ኮሄይ ግራ ገባው። "ምን ላድርገው? አንዴ ቤት ገብቷል። ጠዋት ቆጡ ላይ ሆኖ ሩዙን ይጠብቀኛል። የፖስተኛ ልጅ ነህ ብዬ ላባርረው?"

ማሱኦ ዶሮውን ጠበቅ አድርጎ አቀፈው። ሺጌኖ ላባውን እንዳነሳች ወደ ሌላ ዞረች።

ያኔ ኮሄይ ማሱኦ የታቀፈውን ዶሮ አየ። እግሩን ከባቡሩ አወረደ። ሻንጣውን መሬት ጣለ።

"ይሄ ምንድን ነው?" ድምፁ ያ ትሁቱ ድምፅ አልነበረም። "ማነው እንዲህ ያደረገው? ተረግጧል እኮ! ተነጭቷል! ይሄ፣ ይሄ ደግሞ በር ነው የቆረጠው! የመጨረሻው ነው አይደል? ይህን የመሰለ ዘር ይዘው፣ አርባ ዓመት ሙያውን እያወቁ፣ ለአፍዎ ብለው ጭቃ ውስጥ! እርስዎ ሰው ነዎት?"

"ኮሄይ!" ናትሱኤ እጅጌውን ያዘችው።

"ተይው፣ ተይው፤" አለች ሺጌኖ። ፊቷ በርቷል።

ኮሄይ በዚያ ግራሶ በነካው ጣቱ የዶሮውን ጭራ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ሥሩን መረመረ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

"ሥሩ ደህና ነው። አልረገፈም። ዛሬውኑ ሳጥን ከገባ ከሥሩ ይገፋል። የተበላሸው ተገፍቶ እስኪያልቅ ግን አምስት ዓመት፣ ምናልባትም ስድስት። በየቀኑ! አንድ ቀን ሳይታለፍ! ሰምተውኛል?"

ማሱኦ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ስድስት ዓመት በየቀኑ ሊታቀፍ ይቅርና፣ ዶሮውን ይዞ ዳገቱን መውረዱ ብቻ አድክሞታል። ባቡሩ ፊሽካውን ነፍቶ ሄደ፤ ከአራቱ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩትም።

"ልክ ነህ፤" አለ ማሱኦ። "ስደበኝ። ግን ሰው ያያል፤ ቤት ገብተህ ስደበኝ። ቤትህ ነው።"

ኮሄይ ሁለቱን ላባ ከሺጌኖ እጅ ተቀበለ። ንዴቱ ግን ገና አልበረደለትም፤ ዳገቱን ሙሉ ከኋላ እየተከተለ ሰደበው፣ ማሱኦም ዶሮውን ታቅፎ "እሺ፣ እሺ" እያለ ወጣ።