የመልከጸዴቅ ጉርሻ

ወይንሸት ወንፊቱን በግራ እጇ ይዛ፣ በቀኟ የክክ ሾርባውን በማንኪያ እያሸች ታጠልል ነበር። አንዲት የሽንኩርት ልጣጭ ብታልፍ፣ በባሏ ሆድ በኩል የገባውን ቀጭን የምግብ ቱቦ ትዘጋዋለች። ስለዚህ አንዴ ያጠለለችውን ትደግመዋለች፤ ከዚያ በትንሿ ጣቷ ነክታ ሙቀቱን ታያለች።

ባሏ አክሊሉ በዚህ በስደት አገር ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ የኖረ የታክሲ ነጂ ነው። ሲጋራ ከእጁ አይለይም ነበር። ጉሮሮው ላይ ካንሰር የተገኘው በጥምቀት ሰሞን ነው። ሐኪሟ የጨረር ሕክምና አዘዘችለትና በአስተርጓሚ ደጋግማ ነገረችው፦ እያጨሰ ጨረሩን ቢወስድ የሕክምናው ኃይል ይቀንሳል፤ ያቆሙት ካላቆሙት ይልቅ ረዘም ያለ ዕድሜ ያገኛሉ፤ አሁንም አልረፈደም። ወይንሸት ይህንን እንደ ዳዊት በቃሏ ያዘችው። ሶዶ በሚባለው የከተማው ሰፈር በምትሠራበት የሆቴል አንሶላ ማጠቢያ ፈረቃዋን አስቀይራ ጠዋት ጠዋት ለጨረር ትወስደው ጀመር። አክሊሉም ማቆሙን በመስቀል ምሎላት ነበር።

ጃኬቱ ግን ይሸታል። የሰው አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት አፍንጫ አይታለልም።

መልከጸዴቅ የአክሊሉ የታክሲ ዘመን ጓደኛ ነው፤ አሁን ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ትንሽ የሐበሻ ሱቅ አለው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ሊጠይቀው ይመጣል። አንድ እሑድ ወይንሸት ብርቱካኑን ልታጥብ ፌስታሉን ስትገለብጥ ከሥሩ አንድ ፓኮ ሲጋራ ወደቀ። መዋጥ ለማይችል ሰው ብርቱካን ለምን እንደሚመጣ ያን ጊዜ ገባት።

አልጮኸችም። በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ከበር መመለስ ነውር ነው። ፓኮውን ሽርጧ ኪስ ከተተችው። በሚቀጥለው እሑድ ቀይ ወጥ ሠራች። አብሬያት አንሶላ የማጥበው እኔና ጎረቤቷ አጸደም ልንጠይቅ መጥተን ሶፋው ላይ ነበርን።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ እኮ ብረት ነህ!» አለ መልከጸዴቅ፣ የአክሊሉን ጉልበት መታ መታ እያደረገ።

«ብረትም ይዝጋል፣ ጋሼ መልከጸዴቅ» አለች ወይንሸት ትሪውን እያስቀመጠች። «አንቱ ግን ይብሉ እንጂ።»

«ኖ ኖ፣ በልቻለሁ። መኪናውንም ፓርክ ያደረግኩት ያለ ቦታው ነው።»

«በሞቴ! አንድ ጉርሻ።»

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? አፉን ከፈተ። ከተጠቀለለው እንጀራ ጫፍ የሲጋራው ቢጫ መጨረሻ ብቅ ብሎ አየሁት፤ እሱ ያወቀው ግን ከነከሰው በኋላ ነው። መሐረቡ ላይ ተፋው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ያመጡት ነዋ! ለወንድምዎ የጣመ ለአንቱ መረረ? አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ይድገሙ እንጂ።» ሁለተኛው ተጠቅልሎ እጇ ላይ ነበር።

«ለምኖኝ ነው! ደግሞስ ለሚሞት ሰው ምን ይከለከላል?»



«ማነው የሚሞተው?» አለች ወይንሸት። «ቀብረኸው ነዋ በየሳምንቱ የምትመጣው!» አንቱታው በዚያው ቀረ። አጸደ «ኧረ በማርያም!» አለች፤ ለመገላገል ግን የተነሣ የለም።

አክሊሉ ድምፁ ተዘግቷል። ጓደኛውን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኮሪደሩ ሄደ፤ በጫማ ሣጥን የደበቀውን ሲጋራ ሁሉ አምጥቶ መልከጸዴቅ ጭን ላይ ዘረገፈው። ከዚያ ወዲያ አላጨሰም።

ለወይንሸት ይህ አልበቃትም። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነገሩን ለሴቶቹ አንድ በአንድ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ከመልከጸዴቅ ሱቅ እንጀራና በርበሬ የሚገዛ ጠፋ። መልከጸዴቅ ደጃፉ ላይ ቆሞ ገበያተኛ ሲጠብቅ ስታይ ልቧ ቅቤ እንደሚጠጣ ከእኔ ደብቃ አታውቅም።

የነፍስ አባቷ ሰምተው ጠሯት። «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት የለም። ሄደሽ ታረቂው።»

«እሺ አባ» አለች። ለዕርቁ ድፎ ዳቦ ጋግራ በነጭ ጨርቅ ቋጠረች፤ እኔም አብሬያት በባቡር ሄድኩ። ኮሎምቢያ ሲቲ ስንደርስ የባቡሩ በር ተከፈተ። እሷ ግን አልተነሣችም።

«አንወርድም እንዴ?» አልኳት።

«የአክሊሉ ምርመራ ውጤት ሐሙስ ነው። ካንሰሩ ጠፍቷል ካሉኝ እወርዳለሁ።»

«ካላሉሽስ?»

በሩ ተዘጋ። ወይንሸት ሱቁ ወዳለበት መንገድ እያየች ጨርቁን ፈታችና ከዳቦው ቆርሳ ሰጠችኝ።