ላስታ ላይ «አንቺሆዬ የማን ናት?» ተባለ

እዚህ ላሊበላ፣ አሸተን ማርያም ሥር በተጣለ የሰርግ ድንኳን ውስጥ፣ አንድ ዲጄ «አንቺሆዬ የማን ዘፈን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ ዛሬ በጆሮዬ ሰማሁ። ቤቴ ገብቼም ንዴቴ አልበረደም።

ልጁ የጀመረው «ከድሮ እስከ ዘንድሮ!» ብሎ ነበር።

የስድሳዎቹን የሳክስፎን ዘፈን ለቀቀ፣ ጨፈርን። የካሴቱን ዘመን ትዝታ ለቀቀ፣ ቆዘምን። ኦርጋን ብቻውን ሁሉንም የሚሠራበትን የሰማንያዎቹን አስከተለ። ሬጌው ሲመጣ እኔ ጉልበቴን ይዤ ተቀመጥኩ።

ይሄኔ አጎቴ ተነሡና «የኔ ልጅ፣ እስቲ አንቺሆዬን ልቀቅልን» አሉት።

«የማን ናት አባባ? የዘፋኙን ስም ይንገሩኝና ልፈልጋት።»

«የእናትህ ናት!»

ስድብ የመሰለው ብዙ ነው።

አጎቴ ግን እውነታቸውን ነው። አንቺሆዬ የአንድ ዘፋኝ ዘፈን አይደለችም፤ ቅኝት ናት፣ የላስታ ሰው ልጁን የሚድርባት። የዲጄው እናትም የዚሁ አገር ሴት ናቸው፤ እዚያው ከሴቶቹ መሀል ተቀምጠዋል።

በልጃቸው አፍረው ተነሡ። ያለ ማይክ አወረዷት! እኛም በጭብጨባ ተቀበልናቸው።

ልጁ ሙዚቃውን ዘግቶ እናቱን በስልኩ ይቀርጻል። ገባው ብዬ ደስ አለኝ።

ሲጨርሱ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«እማዬ፣ አሪፍ ናት! ቢት ብቻ ነው የጎደላት።»

በእናንተስ አገር፣ በገዛ ቤቱ «የማን ነው?» የተባለ ዜማ አለ? ጻፉልኝ። ብቻዬን ከምበግን አብረን እንብገን።