«ገልብጠው» ያለው ማንን ነው?

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን ባለችው የብረታ ብረት ሱቄ ውስጥ ካሜራዎቹን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር መብራት እየሄደ እየመጣ ሊሞት ሲያጣጥር፣ ባለሙያዋ ሰላም ምትክ ይዛልኝ መጣች። አሮጌው ጨርሶ ሳይዘጋ ፕሮግራሙንም የቆየውንም ቀረጻ ወደ አዲሱ ማሻገር ነበረባት።

ሰው ሁሉ «ኮፒ» የሚለውን፣ እሷ የአማርኛ አስተማሪ ልጅ ናትና በአማርኛ ነው የምትለው። ሁለቱን ኮምፒውተሮች በገመድ አያያዘችና ዞር ብላ...

«ጋሼ፣ ልገልብጠው?» አለችኝ።

የያዝኩት የሻይ ብርጭቆ መሬት ላይ ተከሰከሰ። «አትገልብጪው!» ብዬ ጮህኩ። ደንበኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሰላም ያበድኩ መሰላት፤ አልፈርድባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ወጣት ሳለሁ፣ እዚሁ ከተማ የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። ያኔ ካሜራችን የእንግዳ መዝገብ ነው። ማን ማን ቤት አደረ፣ ከየት መጣ፣ መቼ ይሄዳል... አንድ ሳይቀር ይጻፋል። ያልተመዘገበ ፀጉረ ልውጥ ከተገኘ ወዮለት!

በአንዱ ክረምት የቢሮው ጣሪያ አፈሰሰና መዝገቡ ራሰ። ቀለሙ ሟሟ፣ ገጾቹ እርስ በርስ ተጣበቁ። ሊቀመንበሩ አዲስ መዝገብ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረና አሮጌውን እንድገለብጥ አዘዘኝ።

በማግስቱ ጠዋት አብዮት ጠባቂው ደምሴ አንድ ሰውዬ እየገፈተረ አስገባ። ሙሄ ይባላል፤ ከአሊዩ አምባ ጥጥ ጭኖ ለገበያ የወጣ ነጋዴ ነው። ከንፈሩ መንገድ ላይ ተተርትሮ ደም ያዘራል።

«ወላሂ ተመዝግቤያለሁ! ያሳደረችኝ ሴትዮ ራሷ ናት እዚህ አምጥታ ያስመዘገበችኝ!»

ደምሴ ጎኑን በሰደፍ አለው። «ዝም በል! መዝገብ ላይ የለህም።»

ሊነበብ በሚችለው ገጽ ላይ እውነትም የለም። የተጣበቁትን ግን ማንም አልገለጣቸውም።

ሊቀመንበሩ ለስብሰባ ሊወጣ ኮፍያውን እያደረገ፣ በደምሴ ትከሻ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። «አንተ አሁንም አልጨረስክም? ገልብጠው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ ወጣ።

ደምሴ ለእሱ የተነገረ መሰለው። «ሰማህ አይደል? ገልብጠው ብሏል» አለኝና ሰውዬውን በአንገትጌው ይዞ ወደ ጎን ክፍል ጎተተው።

በዚያ ዘመን ሰው መገልበጥ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። እጅን ከጉልበት ጋር አስሮ፣ በመሃል እንጨት አሳልፎ፣ በሁለት ጠረጴዛ መካከል ቁልቁል ማንጠልጠል... ከዚያ በኋላ ውስጥ እግርን መግረፍ ነው። ወፌ ላላ ይሉታል።

«መዝገቡን እኮ ነው ያለው» ብል ይበቃ ነበር። አላልኩም። በዚያው ሰሞን «ኧረ ተው» ያለውን አንድ አስተማሪ ይኸው ደምሴ ጥርሱን በሰደፍ ሲያረግፈው በዓይኔ አይቻለሁ። ፈራሁ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። መጀመሪያ የጎማው ጅራፍ... ቀጥሎ «ያ ረቢ!»... ደግሞ ጅራፍ። ሙሄ መጀመሪያ ጮኸ፣ በኋላ ለመነ፣ በመጨረሻ እንደሚታረድ በሬ ማጓራት ብቻ ቀረው። ደምሴ ውሃ ሊጠጣ ብቅ ሲል ሸሚዙ ላይ ደም ተረጭቷል። ጠጥቶ ተመልሶ ገባ።

እኔ ያገኘሁት ብልሃት የተጣበቁትን ገጾች በቢላ ማላቀቅ ነበር። ሦስቱን ቀደድኳቸው። አራተኛው ላይ አገኘሁት... «ሙሄ፣ ከአሊዩ አምባ፣ ጥጥ ነጋዴ፣ ሁለት ሌሊት።» የእጅ ጽሑፉም የደምሴ የራሱ ነው! ተረኛ በሆነበት ቀን መዝግቦት ረስቶታል።

መዝገቡን ይዤ ሮጥኩ። ሙሄ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ውስጥ እግሩ ተልጦ ደሙ በቅልጥሙ ላይ ይወርዳል።

«ጽሑፉ ያንተ ነው» አልኩት ደምሴን።

አነበበ። ደግሞ አነበበ። ጅራፉን ጣለና ገመዱን መፍታት ጀመረ።

ሊቀመንበሩ ሲመለስ ዓይኑ ፈጠጠ። «ማነው ገልብጠው ያለህ?»

«እርስዎ ነዎታ፣ ጓድ!» አለ ደምሴ።

«መዝገቡን ነው ያልኩት፣ አንተ ደንቆሮ!» ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ደምሴም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ... አዎ፣ እኔም።

ሙሄ ጫማው አልገባ ብሎት ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሳልፍ እጄን ያዘኝ። «አንተ ባትደርስልኝ ሞቼ ነበር። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው!» ብሎ መረቀኝ። ከዚያ ወዲህ ለገበያ በወጣ ቁጥር እያነከሰ መጥቶ ደህንነቴን ሳይጠይቅ አይመለስም ነበር። እስኪሞት ድረስ እውነቱን አልነገርኩትም። አፈርኩ።

ይህንን ሁሉ ለሰላም አላወራሁላትም። «ላዛውረው በይ፣ ልጄ» ብቻ አልኳት። ሳቀችና አዛወረችው። አዲሱ ስክሪን ላይ በሩም፣ ሚዛኑም፣ ጓሮውም ቁልጭ ብለው ወጡ።

«ይኸው ጋሼ፣ ከእንግዲህ ምንም ነገር አያመልጥዎትም» አለችኝ።

ዕድሜዬስ እንደ ምርቃቱ ረዝሟል... ሙሄ የመረቀኝ ግን ያን ቀን ካሜራ ስላልነበረ ነው።