በፍራሽ የተጠቀለለች ጊታር

ባለፈው ቅዳሜ ጊታሬን አንግቼ ከቤት ስወጣ፣ ኮልፌ የምኖርባት ጠባብ መንገድ መውጫ ላይ የዕድር ድንኳን ተተክሎ አገኘሁ። ያረፉትን ሰው በሰላምታ ብቻ ነበር የማውቃቸው። "እግዜር ያጥናችሁ" ብዬ በየት በኩል ልለፍ እያልኩ ሳመነታ፣ አንድ ወጣት የተደረደሩትን ወንበሮች ገፋ ገፋ አደረገና "ይለፉ ጋሼ፣ ሥራ አይደል?" አለኝ። ቀና ብሎ ያየኝ እንኳ አልነበረም። ጥግ ላይ የአንዱ ስልክ በዘፈን ጮኸ፤ ሰውየውም ሳይቸኩል አነሳው። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ ገብቼ ጦር ኃይሎች እስክደርስ ፊቴ ይግል ነበር። ያፈርኩት በእነሱ አይደለም።

ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከዘፋኝ ጀርባ ቆሜ ስጫወት ኖሬ፣ ብቻዬን መድረክ ላይ መውጣት የጀመርኩት ገና ሁለት ዓመቴ ነው። "እስከዛሬ የት ነበርክ?" ሲሉኝ "ዕድሉ አልገጠመኝም" እላለሁ። ገጥሞኝ ነበር እንጂ።

ያኔ በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበርኩ። ከስቱዲዮ ስቱዲዮ እየዞርኩ ለሌሎች ካሴት ጊታር እጫወታለሁ። ዘፈኖቹ በየታክሲው ሲጮሁ ይውላሉ፤ የኔ ስም ግን ከካሴቱ ሽፋን ግርጌ ዓይን በሚያጠፋ ፊደል ነው የሚገኘው። የተከራየኋት ክፍል ከጋሽ ወርቁ ቤት የምትለየው በጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። ጋሽ ወርቁ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ ልምምዴን ሁሉ ወደዱም ጠሉም ይሰሙታል። ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ዳቦ በሻይ እየነከሩ ይጠብቁኛል።

"ማታ ያቺ ዜማ መሃል ላይ ምን ነካህ? ድንገት ፍሬን የያዝክ መሰለኝ!"

በሌላ ቀን ደግሞ "ይሄ ሁሉ የሰው ዘፈን ነው። ያንተ የታለ?" አሉኝ። በሳቅ ላልፋቸው ሞከርኩ። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ይህንኑ እየጠየቁ ነዘነዙኝ። በመጨረሻ የራሴን ጥቂት ዜማዎች ሠራሁ፤ አስኮ የሚገኝ የአንድ መጠጥ ቤት ባለቤትም አንድ ቅዳሜ ብቻዬን እንድጫወት ፈቀደልኝ። ጋሽ ወርቁ ሲሰሙ "የፊቱ ወንበር የኔ ነው፤ ለማንም እንዳትሰጥ!" አሉ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ድንገት አረፉ። አርብ ተቀበሩ። ክረምቱ እየገባ ስለነበር ግቢው ጭቃ ሆኗል፤ የረጠበው ድንኳን ሽታ ከትኩስ ንፍሮው ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። እኔም እንደ ሰፈሩ ወጣት ሁሉ ውሃ ስቀዳና ወንበር ስሸከም ሰነበትኩ። በዚያ ዘመን ለቅሶ በተቀመጡበት ግቢ ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። ከሱቅ ስልክ ደውዬ የመጠጥ ቤቱን ባለቤት ለሌላ ሳምንት እንዲያዞርልኝ ለመንኩት። "ካልመጣህ ሌላ ሰው አለኝ፤ ሁለተኛም እንዳትደውል" ብሎ ዘጋው። እሄዳለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ችግሩ ጊታሯን ማውጣቱ ነበር። ግቢው ያለው አንድ በር ነው፤ ድንኳኑም እሱኑ ዘግቶ ነው የተተከለው። ስብሰለሰል ቆየሁና ጊታሯን በስፖንጅ ፍራሼ ጠቅልዬ በገመድ አሰርኩ። ለቅሶ ቤት ፍራሽ የተሸከመን ወጣት ማን ይጠረጥረዋል? በዘዴዬ ኮራሁ። የረሳሁት ነገር ቢኖር ሰዓቱ ለሚያድሩት ሐዘንተኞች ከየጎረቤቱ ፍራሽ የሚሰበሰብበት መሆኑን ነው። ድንኳኑ መሃል እንደደረስኩ አንዲት ጎረቤታችን ብድግ አለች።

"ተባረክ የኔ ልጅ! እኛም ፍራሽ አነሰን እያልን ነበር። በል ና፣ እዚህ ለእትዬ አስካለ አንጥፍላቸው።"

እትዬ አስካለ የጋሽ ወርቁ ባለቤት ናቸው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። "አይ... ይሄ እንኳን..." እያልኩ ስንተባተብ ሴትየዋ ገመዱን ይዛ ሳበችው። ፍራሹ ከትከሻዬ ተንሸራቶ መሬት ሲነካ የጊታሯ ወፍራም ክር ጮኸ። ድምፁ ቶሎ አልጠፋም። ስታለቅስ የነበረችው ዘመዳቸው እንኳ ዝም አለች፤ ወንዶቹም አንድ በአንድ ዞረው አዩኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ።

እትዬ አስካለ ፍራሹን አዩት፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ። ብቻዬን የምጫወትበት ቅዳሜ መሆኑን ከጋሽ ወርቁ ሰምተዋል።

"ይሄ ፍራሽ ረጥቧል" አሉ በደከመ ድምፅ። "ለኔ አይሆንም። ውሰድና ፀሐይ ላይ አስጣው።"

ሊመሽ ነው፤ ውጭም ዝናቡ ይወርዳል። ፍራሼን ተሸክሜ ወጣሁ።

አስኮ ደርሼ ፍራሹን ፈታሁና ጊታሬን ይዤ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ሁለተኛው ዜማ ላይ ሰዉ ወሬውን ትቶ ማዳመጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ደስ አለኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የፊቱ ወንበር ላይ አንድ የማላውቀው ጠጪ ተቀምጦ ሲያጨበጭብልኝ እኔም እየሳቅሁ እጅ ነሳሁት። ጋሽ ወርቁን ጭራሽ ረሳኋቸው። ስለ እሳቸው አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ወረድኩ።

በማግስቱ ሠልስት ነበር። እትዬ አስካለ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ሰው ነበር?"

"ነበር፣ እትዬ።"

"አጨበጨቡልህ?"

"አዎ።"

"ስሙን ጠራህለት አይደል?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈካ አለ። ወደ ሴቶቹ ዞረው "ሰማችሁ? ስሙን ጠርቶለት ነው የተጫወተው። እኔስ ለዚህ ብዬ አይደል የሰደድኩት!" አሉ። ትናንት በክፉ ዓይን ያዩኝ ሽማግሌዎች እየተነሱ ጨበጡኝ። አንዱማ ግንባሬን ሳሙኝ። እዚያው እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም።

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ደጋግሞ ቢጠራኝም ተመልሼ አልሄድኩም። ብቻዬን ልቁም ባልኩ ቁጥር ያ የፊት ወንበር ይታየኛል። ከዘፋኝ ጀርባ መቆሙ ተመቸኝ፤ እዚያ ሆኜ ንግግር አድርግ የሚለኝ የለም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሠላሳ ዓመት አለፈ።

አሁን ብቻዬን ስወጣ፣ ከመጀመሪያው ዜማ በፊት "ይህ ለጋሽ ወርቁ ነው" እላለሁ። ሰዉ የሞተ ሙዚቀኛ እየመሰለው ያጨበጭባል። እትዬ አስካለ ዛሬም አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ነገር አይረሱም። እሁድ እሁድ ሙዝ ይዤ ብቅ ስል፣ ገና ሳልቀመጥ "ትናንትስ ስሙን ጠራህለት?" ይሉኛል። "ጠራሁ፣ እትዬ" እላለሁ፤ አሁን እውነቴን ነው። ፊታቸው ይፈካል። እኔም በውሸቴ ከፈካበት ከሠልስቱ ቀን የተለየ ነገር አገኝ እንደሆነ ብዬ አስተውዬ አየዋለሁ። ምንም ልዩነት የለውም። ትንሽ እንኳ ጨምሮ ባገኘው ኖሮ በቀለለኝ ነበር።