ሰባት ልጅ የተናዘዘባት ፓፓያ

ለሸዋ ሮቢት፣ ለቀወትና ለአካባቢው ሕዝብ በሙሉ፦ ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ የተቀመጣችሁ ተነሱ፣ የምታኝኩም ዋጡ። ስንት ዘመን የተደበቀ ምስጢር ዛሬ በይፋ ይወጣል።

መጀመሪያ ግን ሐዘኑ።

ጠዋት አብሮ አደጌ ከድር ደወለልኝ። "ትርንጎ፣ ጋሼ ሉቃስ አረፉ" አለኝ። "ሂድ ከዚህ!" ብዬ ዘጋሁበት። ስንቱን ሰው በውሸት ሳስደነግጥ ስለኖርኩ ብድሬን የሚመልስልኝ መሰለኝ። መልሶ ደወለ። "ወላሂ ቀልድ አይደለም። አገራቸው ከምባታ ነው ያረፉት፣ ልጃቸው ናት የነገረችኝ።" ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። እኔ ነጠላ ካዘቀዘቅኩ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው።

ለማታውቋቸው፣ ጋሼ ሉቃስ በደርግ ጊዜ እዚሁ ሸዋ ሮቢት፣ ካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የሃይማኖት አስተማሪያችን ነበሩ። ክፍሉ ውስጥ ካቶሊኩ በጣት የሚቆጠር ነው። ሌሎቻችን ኦርቶዶክስ፣ እነ ከድር ሙስሊም። ማንንም "ወደኔ ና" ብለው አያውቁም። "ውሸት በሁሉም ቤት ውሸት ነው" ይሉ ነበር፣ እኔን እኔን እያዩ።

ኋላ ሃይማኖት በትምህርት ቤት አይሰጥም ተባለና ክፍለ ጊዜው ተሰረዘ። ጋሼ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሰሌዳው ላይ "ግለሂስ" ብለው ጻፉ። ያኔ ትልልቆቹ በየስብሰባው እየተነሱ "እኔ ይህን አጥፍቻለሁ" የሚሉበት ነገር ነው፤ ማን ይከለክላል? እኛም በየተራ እየተነሳን የሳምንቱን ጥፋታችንን እንናገራለን። እሳቸው ሰምተው "እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፣ ሁለተኛ አይልመድሽ" ይሉናል። ኑዛዜ ነው በአጭሩ፣ ስሙን ቀይሮ የመጣ።

ችግሩ፣ ጥፋት የሌለው ልጅ ሞልቷል። ተራው ሲደርስ ከጎረቤቱ ይዋሳል። ጋሼ ወዲያው ይነቁበታል። "ትንሽም ብትሆን የራስህን አምጣ!"

እንግዲህ ከክፍላችን መስኮት ሥር አንዲት የፓፓያ ዛፍ ነበረቻቸው። በዚያ ሙቀት የፊታቸውን መታጠቢያ ውሃ እያጠጡ ያሳደጓት ናት። የመጀመሪያ ዓመት አንድ ፍሬ ብቻ ሰጠች። እሷም ቢጫ ማለት ስትጀምር ጠፋች።

ጋሼ ማንንም አልጠየቁም። "በሚቀጥለው ግለሂስ ትመጣለች" ብቻ አሉ።

እኔ ደግሞ ለተቸገረ ደራሽ ነኝ። ጥፋት ላጣው ሁሉ "ፓፓያዋን የሰረቅኳት እኔ ነኝ በል" እያልኩ አደልኩ። ለአንዱ፣ ለሌላዋ፣ እያልኩ ለሰባት ልጅ።

በዕለቱ ከአውራጃው አንድ ካድሬ ሊጎበኘን መጣና ከኋላ ተቀመጠ። ጋሼ ጠመኔውን አስቀምጠው የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ልጆች ብንሆንም እናውቃለን፤ ተደብቆ ሃይማኖት ያስተምራል የተባለ ሰው ሥራውን አጥቶ ብቻ አይቀርም፣ ይወሰዳል።

ከድር ተነሳ። "ፓፓያዋን የሰረቅኳት እኔ ነኝ።"

ቀጣዩ ተነሳ። "እኔም ፓፓያዋን።"

ሦስተኛዋም ያው። አራተኛው ላይ ካድሬው መጻፉን አቆመ። ሰባተኛው ላይ ብድግ አለ።

"ጓድ መምህር፣ ስንት ፓፓያ ነው የጠፋው?"

"አንድ፣ ጓድ።"

"አንድ ፓፓያ ለሰባት?"

"ልጆቹ... በጋራ መሥራት ይወዳሉ፣ ጓድ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። "ይሄ ግለሂስ ነው ኑዛዜ?" አለና ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። "አንቺ! ስምሽ ማነው?"

"ትርንጎ።"

"ደግሞ ሌላ ፍሬ! እስቲ ንገሪኝ፣ ጥፋታችሁን ስትናገሩ መምህሩ ምን ይሏችኋል?"

"እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ" የምትለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ጋሼን አየኋቸው። "ዋሺልኝ" የሚል ዐይን አላሳዩኝም። በመስኮቱ ባዶዋን ዛፍ ነበር የሚያዩት።

"'ትንሽም ብትሆን የራስሽን አምጪ' ይሉናል" አልኩ። ውሸት የለበትም።

ካድሬው አሰበ። "የራስሽን አምጪ... የራስሽን..." ፊቱ በራ። "በራስ መቻል!" ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፋት። አጨብጭቡ አለን፣ አጨበጨብን። ከድር ከልማድ "አሚን" ብሎ ነበር፣ ደግነቱ ጭብጨባው ዋጠው።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ጋሼ ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉ። ላባቸውን ጠርገው ጠሩኝ።

"ዛሬ አተረፍሽኝ፣ አንቺ ጉደኛ" አሉኝ። ቀጠሉና፣ "ሰባት ልጅ አምጥቶልኛል። አንዷ ግን አላመጣችም።"

እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። እሳቸውም አልደገሙትም።

ስድስተኛን ሳልጨርስ ትምህርቴን ተውኩ፣ እሳቸውም አገራቸው ገቡ። ግን ከድር በደወለላቸው ቁጥር መልእክቷ አትቀርም። "ትርንጎ የራሷን መቼ ነው የምታመጣው?" እኔም "ቆይ በላቸው፣ እያበሰልኳት ነው" እላለሁ። እሳቸው ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ዓመቱም ያልፋል። ጋሼ እንደሁ የትም አይሄዱ ብዬ።

ጋሼ፣ ይኸው አመጣሁ። ፓፓያዋን የበላሁት እኔ ነኝ። ከአጥሩ ጀርባ፣ ብቻዬን፣ ለከድር እንኳ ሳላቀምስ። አንዱ ጎኗ ጥሬ ስለነበረ ሁለት ቀን ሆዴን ቆርጦኛል፤ ለንስሐዬ ይያዝልኝ።

እናንተ የቆማችሁት ደግሞ ተቀመጡ። ጉዳዩ ይኸው ነው፣ አንዲት በቅጡ ያልበሰለች ፓፓያ።

ትንሽ ናት ጋሼ። የራሴ ናት ግን። ደህና ይግቡ።